የኤሊ ትንሽ ኩሬ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ።

አንዲት አሮጊት ኤሊ ነበረች፤ እንስሳቱ ሁሉ የሚጠጡበት ሐይቅ መጉደል እንቅልፍ ነሳት። ከዳሩ የሐይቁን አምሳያ ትንሽ ኩሬ ቆፍራ ውሃ ሞላችባት። አንድ ጉንጭ ውሃ የእንስሳቱ የአንድ ቀን መጠጥ ነው ብላ፣ እስከ ክረምት ያሉትን ቀናት እየቆጠረች ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጉንጭ ከኩሬዋ ቀዳች። ቀኖቹ ሳያልቁ ኩሬዋ ደረቀች።

"ጌታዬ፣ ሐይቁም እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በተራና በልክ ያጠጡን" አለችው አንበሳን።

"ይቺ ኩሬ ሕዝብ ታሸብራለች፤ ሙሏት" አለ አንበሳ ፊቱን አጥቁሮ።

ዝሆን ታዛዥ ነውና በየማለዳው ከሐይቁ በኩምቢው እየቀዳ ሞላት። እንስሳቱም "ኩሬዋ ሙሉ ናት" እየተባባሉ እንደ ልባቸው ጠጡ።

ክረምት ሳይገባ የዝሆን ኩምቢ ከሐይቁ ጭቃ ብቻ አወጣ። አንበሳ ወደ ትንሿ ኩሬ ጎንበስ ብሎ በሦስት ጉንጭ ጨረሳትና ወደ ኤሊ ዞረ።

"ምነው፣ ሰፋ አድርገሽ አትቆፍሪያትም ነበር?"

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ ሳይሆን በውሃ አብሱ።