ሬዲዮና የእጅ ባትሪ የሚዋዋሷቸው ድንጋዮች

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ «አምጣው!» በሉኝ። በሉ እንጂ፣ ምን ያፈዛችኋል! እንዲህ ነው። የሚያንቀላፋ ካለ ጎኑን ነካ አድርጉልኝና ስሙ።

በድሮ ጊዜ ዕቃ ሁሉ አፍ ነበረው። ብረቱም ያወራል፣ ላስቲኩም ያወራል፤ ሰው ግን አይሰማቸውም። በዚያን ጊዜ በእትዬ ማንያህልሻል ቤት፣ ቡፌው አናት ላይ፣ ሦስት ያረጁ ዕቃዎች ይኖሩ ነበር፤ ቴፕ፣ የእጅ ባትሪና ሬዲዮ። ከቡፌው ጀርባ ደግሞ አይጥ ትኖር ነበር።

ሬዲዮና የእጅ ባትሪ በሁለት የባትሪ ድንጋይ ነበር የሚተዳደሩት። የድንጋዮቹ ማደሪያ የእጅ ባትሪው ሆድ ነው። የዜና ሰዓት ሲደርስ እትዬ ማንያህልሻል ድንጋዮቹን ከባትሪው አውጥተው ለሬዲዮ ያጎርሱታል። ዜናው ሲያልቅ ለባትሪው ይመልሱለታል። ድንጋዮቹ የደከሙ እንደሆነ ፀሐይ ላይ ያሰጧቸዋል፤ ሞቅ ሲላቸው ነፍስ ይዘራሉ። ባትሪው አንድ ቀን እንኳን አኩርፎ አያውቅም። «ጋሼ ሬዲዮ፣ ሰዓትዎ ደርሷል፣ ይውሰዱ!» ይል ነበር፤ የዋህ ነገር ነው።

አንድ ቀን የእትዬ ማንያህልሻል ልጅ ትርሲት አዲስ ተች ስልክ ገዝታላቸው መጣች።

«እማዬ፣ ይሄን ቅራቅንቦ እስከ መቼ ትታቀፊዋለሽ? ዜናውም፣ ዘፈኑም፣ መብራቱም እዚህች ውስጥ አለልሽ» አለቻቸው።

«የሚሠራ ዕቃ አይጣልም፣ ጡር አለው» አሉ እናት።

«የማይሠራውስ?»

«የማይሠራውንማ… በቃ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆራሌው ሲመጣ እየሞከርኩ አንድ አንዱን እሰጠዋለሁ። ሁሉንም ባንዴ ግን አትበዪኝ፣ ሆዴ አይችልም።»

ይህን ሲሰማ ሬዲዮ ክው አለ። ቆራሌው የሚወስደው ዕቃ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ በመዶሻ ይፈረካከስና መዳቡ ለብቻ፣ ላስቲኩ ለብቻ ይከመራል። የራሱንም ጉድ ያውቃል፤ ድምፁ ከሻከረ ሰንብቷል። «መጀመሪያ የምሄደው እኔ ነኝ» አለ በሆዱ። ፈራ። በጣም ፈራ። ከፍርሃቱ ብዛት ተንኮል አሰበ።

አይጥን ጠራት። «አይጥ ሆይ፣ ቴፑ ሆድ ውስጥ የላስቲክ ቀበቶ አለች። ቁረጪልኝ።»

«ምን ትከፍለኛለህ?»

«ሆዴ ከዜና ሰዓት ውጪ ባዶ ቤት ነው። ልጆችሽን አሳድጊበት።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

አይጥ ገባች፣ ቀበቶዋን ቆረጠች፣ ወጣች።

ቅዳሜ ሆነ። «ቆራሌው! ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ከመንገዱ ተሰማ። እትዬ ማንያህልሻል ቴፑን ሶኬት ላይ ሰክተው ተጫኑት፤ ጭጭ። ጎኑን መታ መታ አደረጉት፤ ጭጭ። ቴፑ ቆራሌው ከያዘው የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ገባ። ሬዲዮ «እፎይ» አለ።

እፎይታው ግን አልበረከተለትም። ሌላ ቅዳሜ አለ! አሁንም አይጥን ጠራት።

«የባትሪው መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል። በስንጥቁ ግቢና አምፖሉን ላላ አድርጊልኝ።»

«ያ ድንጋዩን የሚያውስህን?» አለች አይጥ፤ እሷ እንኳን ገርሟት።

«ላላ አድርጊው አልኩሽ!»

አይጥ ገባች፣ አምፖሉን አላላች፣ ወጣች። ባትሪው እንቅልፉን ይለጥጣል፤ ምንም አልሰማም።

ቅዳሜ ሆነ። «ቆራሌው! ቆራሌው!» አሁን ስሙኝ፣ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። እትዬ ማንያህልሻል ከፊት የቆመውን ነው መጀመሪያ የሚያነሱት። ባትሪው ወደ ሬዲዮ ዞር አለ።

«ጋሼ ሬዲዮ፣ እርስዎ ታላቅ ነዎት፣ ይቅደሙ። ድንጋዮቹን ለእርስዎ ያድርጉልዎትና ተናግረው ይረፉ። እኔ ኋላ እደርሳለሁ።»

ሬዲዮ አሰበ፤ «ድምፄ ዛሬ ጭራሽ ቢዘጋብኝስ? እሱ ይቅደምና ይሂድ፤ ለዛሬ አንድ ከወሰዱ ይበቃቸዋል።»

«ኧረ አይሆንም፣ አንተ ቅደም» አለ።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!»

«በሞቴ! በሞቴ ስልህ ቅደም!»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? ባትሪው አንገቱን ደፍቶ ወደ ፊት ጠጋ አለ። እትዬ ማንያህልሻል አንስተው ተጫኑት፤ አልበራም። መዳፋቸው ላይ ጠፍ ጠፍ አድርገው ደገሙት፤ አልበራም።

«ምነው፣ ትናንት ይበራ አልነበር? በቃ፣ ድንጋዩም ሞቷል፣ እሱም ሞቷል» አሉና እንዳለ ለቆራሌው ሰጡት።

ቆራሌው ባትሪውን ነቅነቅ አደረገው። ከሆዱ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ወጣ።

ሬዲዮ ያኔ ነው የገባው። ድንጋዮቹ! ድንጋዮቹ እኮ እዚያ ውስጥ ናቸው! «እትዬ ማንያህልሻል! ያስቁሙት! ያስቁሙት!» ብሎ ጮኸ። ማን ይስማው? ሬዲዮ ለሰው የሚናገረው በድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ በር ላይ ደርሷል። ቆራሌው ማዳበሪያውን ተሸክሞ ሄደ። ሬዲዮ የገዛ ድምፁ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሲሄድ እያየ ቀረ።

በዚያው ቀን አይጥ ልጆቿን አስከትላ መጣች።

«አሁን አይሆንም፣ ጨንቆኛል» አላት።

«ቃሌ ነው አላልክም?» አለችና ገባች። ጥርሷን ሲበላት ደግሞ ሽቦውን ትከረትመው ጀመረች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሆነ። ሳምንቱን ዜና በአዲሱ ስልክ ሲሰሙ የሰነበቱት እትዬ ማንያህልሻል ሬዲዮውን አነሱ። ከፈቱት፤ ዝም። ከዚያ ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ውይ! ድንጋዮቹን ከባትሪው ጋር ሰጥቼ! ትርሲት፣ እስቲ ሱቅ ሄደሽ ሁለት ድንጋይ አምጪልኝ። ያለ ድንጋይ እንዴት ይፈረድበታል?»

ሬዲዮ ነፍሱ መለስ አለች። ትርሲት እያጉረመረመች ሄደች፤ ድንጋዮቹንም ይዛ መጣች። እትዬ ማንያህልሻል ሊያጎርሱት ከጀርባው ያለውን ክዳን ከፈት አደረጉ።

«ኧረ አይጥ! ኧረ ከነልጆቿ! ድረሱልኝ!»

አይጥ ዘላ ወጣች፣ ልጆቿ ተከተሉ፣ የተበላ ሽቦም ተንዘለዘለ። ትርሲት ከሳቋ ብዛት ግድግዳውን ተደገፈች። እናቷ ግን ልብሳቸውን እያራገፉ፣ «ውሰደው! ዓይኔ እንዳያየው!» ብለው ለቆራሌው ወረወሩለት።

ሬዲዮ ማዳበሪያው አፍ ላይ እንደተሰካ ቀና ሲል ምን ያያል? የእጅ ባትሪው ከቆራሌው ወገብ ላይ ተንጠልጥሏል። ቆራሌው አምፖሉን በጣቱ ጠበቅ ሲያደርገው ቦግ ብሎለት፣ «ይቺማ አትፈረከስም» ብሎ ለራሱ አስቀርቶት ኖሯል።

«ጋሼ ሬዲዮ!» አለ ባትሪው ተደስቶ። «እርስዎም መጡ? አይዞዎት፣ ድንጋዮቹ እኔ ጋ ናቸው። አሁኑኑ ይንገሩኝ እንጂ፣ ሰውየው አውጥቶ ያጉርስዎት!»

የሬዲዮ ሽቦው ተበልቷል፤ ድንጋይ ቢያጎርሱት ከእንግዲህ አይናገርም። አምፖሉን ማን እንዳስላላም ያውቃል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የእግር እሳት የሆነበት ግን ባትሪው ዛሬም «እርስዎ» ብሎ መጥራቱ ነው። አፈረ፤ ወደ ማዳበሪያው ውስጥ ዝቅ አለ። መዶሻው ወዳለበትም ሄደ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የሚያበላችሁን ሰው ገፍታችሁ ፊት ከማስቀደማችሁ በፊት፣ እንጀራችሁ በማን እጅ እንዳለ እዩ። የእኔም ተረት ድንጋዩ አለቀ፤ ፀሐይ ላይ አስጡኝ።