ሰርቨሩ እንዳይናዘዝ ያደረገው ሰው

«መምህር፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስትመሰገን ቅናት ይይዘኛል። ስለዚህ ለሥራዋ የሚጠቅማትን ነገር አንዳንዴ እደብቃታለሁ። የምትጎዳው እሷ እንጂ እኔን ምን ያገኘኛል?» ብላ ዝናሽ ጠየቀቻቸው። መምህሩ እንዲህ አሉ፦

አንድ ሰው ነበረ፤ የአውቶቡስ ትኬት የሚቆረጥበትን ሰርቨር ይጠብቃል። ሰርቨር ደግሞ አንዳንዴ ሳይታሰብ ይወድቃል፤ ሥራ ያቆማል ማለት ነው። ታዲያ አስቀድሞ ከታዘዘ፣ በሚወድቅባት ቅጽበት በአእምሮው የነበረውን ሁሉ ዲስክ ላይ ገልብጦ ይወድቃል። ዳምፕ ይሉታል፤ አንቺ የሟች ኑዛዜ በዪው። ሰርቨሩ እንዲናዘዝ ያዘዘው ያ ሰው ነበር። ኑዛዜውን አንብቦ የውድቀቱን ምክንያት የሚያገኘው ግን ባልደረባው ነው።

ምስጋናውም ለባልደረባው ሆነ። አለቃው በስብሰባ ላይ «እሱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» ባለ ቁጥር ሰውዬው «ያዘጋጀሁት እኔ፣ የሚጨበጨብለት እሱ» እያለ ይቀና ነበር። አንድ ቀን ባልደረባው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ፣ የሰርቨሩን ሴቲንግ ከፈተና እንዲናዘዝ የሰጠውን ትእዛዝ አጠፋው። «እስቲ አሁን ምን እንደሚያነብ አያለሁ» አለ። ቅናተኛ ምን ይሳነዋል፤ ደስ ብሎት ዋለ።

በበዓል ዋዜማ፣ ሰውዬው ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ ሳለ ሰርቨሩ ወደቀ። መንገደኛው የትኬት መስኮቱን ይደበድባል። አለቃው እየሮጠ መጥቶ «ምን ነካካህ?» አለው።

«ኧረ ምንም አልነካሁም» አለ። እውነቱን ነበር፤ ከዕለት ሥራው በቀር ሰርቨሩን የሚጥል ነገር አልነካም።

«እንግዲያው ዳምፑ ይናገራል» ብሎ አለቃው ወደ ባልደረባው ዞረ። ባልደረባው ፈለገ፣ ፈለገ፤ ምንም የለም። ትእዛዙ ከሴቲንጉ ላይ መጥፋቱንም አየ።

«ወንድሜ፣ ሴቲንጉ የሚቀየርበትን የይለፍ ቃል ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም» አለው። «አለመንካትህን የማሳየው በዳምፑ ነበር። አሁን በምን ልከራከርልህ?»

አለቃውም «ጥፋት ባይኖርበት ማስረጃ አያጠፋም ነበር» ብሎ ከሥራ አሰናበተው። ሰርቨሩን የጣለው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

«አየሽ ልጄ» አሉ መምህሩ፣ «ሰውዬው የባልደረባውን አፍ የዘጋ መስሎት የራሱን ጠበቃ ዲዳ አደረገ። አንቺስ በሐሰት ስትወነጀዪ ‹እሷ አላደረገችውም› የምትልልሽ ያቺው የቀናሽባት ልጅ ብትሆንስ? የምትናገርበትን ነሥተሻት በምን ትመስክርልሽ? ሂጂ፤ የደበቅሽባትን ዛሬውኑ ንገሪያት።»