ጀርባውን ለቂብላ የሰጠው እንግዳ

በአላህ ስም ጀምሬ፣ በነቢያችን ላይ ሶለዋት አውርጄ፣ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ቤተሰቤም ጀማዓዬም ያውቀዋል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከእናንተ በፊት የምነግረው ለራሴ ነው። ከኡስታዜ የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነበር።

ስሟን የማልነግራችሁ አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች፤ በቆላና በደጋ መሐል፣ በግመል መንገድ ላይ። በዚያች ከተማ ሸኽ ሙነወር የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ያለ ከዘራ አይሄዱም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኢማሙ «አላሁ አክበር» ብሎ ሰላት ሲከፍት ከፊተኛው ሶፍ፣ ከመጀመሪያው የሰጋጆች ረድፍ፣ የታጡበት ቀን የለም። ሲታመሙ እንኳ በሰው ትከሻ ተደግፈው ይመጡ ነበር። ልብ በሉ፣ ሠላሳ ዓመት! እኛ የረመዷንን ሠላሳ ቀን በጀማዓ መሙላት ያቅተናል።

የከተማዋ መስጂድ በር መዝጊያ አልነበረውም። መቃኑ አለ፣ ደፉ አለ፤ ሳንቃ የለም። የመጣ ሁሉ ይገባል።

አንድ ቀን ከከተማዋ በታች፣ ደረቁ ወንዝ ዳር፣ ሠላሳ የሚሆኑ መንገደኞች ሰፈሩ። የሀገራቸውን ስም ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሙስሊሞች ናቸው፤ ጦርነት ሸሽተው ነው የመጡት። ዝናብ እስኪጥል እንዲቆዩ ለመኑ፤ ከፊታቸው የአምስት ቀን በረሃ አለ፣ ጉድጓዶቹም ደርቀዋል። ከመሐላቸው ደግሞ ከወለደች አራት ቀን የሆናት አራስ ነበረች። ሽማግሌዎቹ «መርሃባ፣ ተቀመጡ» አሏቸው።

በማግስቱ እንግዶቹ ለዐስር ሰላት መስጂድ መጡ። ያን ቀን ሸኽ ሙነወር ጉልበታቸውን አሟቸው ለሰላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ላይ፣ ቆይተዋል። በሩ ጋ ሲደርሱ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጡፈይል የሚባል ረጅም ሰው፣ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ጀርባውን ሰጋጆች ወደሚዞሩበት ወደ ቂብላ አድርጎ ደፉ ላይ ቆሟል። የአራሷ ባል ነው። በእጁ ዱላ ይዟል። ሸኹ ሊገቡ ሲሉ ዱላውን በአግድም ዘረጋባቸው። ከዘራቸውን በጣቱ አሳየና በዐረብኛ «ይህን ውጭ ይተዉት» አላቸው።

«ያለሱ እኮ መቆም አልችልም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው አይገቡም።»

ወዲያው ከውስጥ «አላሁ አክበር» ተባለ። ሸኹ ያንን ድምፅ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጅ ሆነው ሰሙት።

ሰላቱ እንዳለቀ ከተማው ተናወጠ። በድሩ የሚባል የጨው ነጋዴ፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው፣ ከሁሉ በላይ ጮኸ። «በገዛ መስጂዳችን ሸኻችንን ከለከለ! ያውም ጀርባውን ለቂብላ ሰጥቶ! እነዚህ ደግሞ ምን ዓይነት ሙስሊሞች ናቸው?» እስከ ነገ እኩለ ቀን፣ እስከ ዙህር ድረስ ለቀው እንዲሄዱ ተወሰነ። «አራሷስ?» ያለ አንድ ሰው ነበር፤ የሰማው የለም። ሸኹን ሲጠይቋቸው «እንዳሻችሁ» አሉና ቤታቸው ገቡ።

ዝምታቸው ትዕግሥት እንዳይመስላችሁ። ተቆጥተዋል። ደጋግ ሰዎችም ይቆጣሉ።

በነጋታው ሱብሂን ሰግደው ሲጨርሱ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። ሰውየው ሲከለክላቸው ፊቱ ላይ ያዩት ንቀት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ዱላ የያዘ ጎልማሳ አንድ ሽማግሌ ምን ያደርገኛል ብሎ ይፈራል? «አስተግፊሩላህ» አሉ። ተነሡና ብቻቸውን ወደ ወንዙ ወረዱ።

እንግዶቹ ጭነት እያሰሩ ነበር። አራሷ ሕፃኑን አቅፋ ከዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ጡፈይል ሸኹን ሲያይ ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

«ሊረግሙን መጡ?»

«ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ትናንት ፈርተኸኝ ነበር። ሀገራችሁ ላይ ምን አግኝቷችሁ ነው?»

እንግዶቹ ከስንት ከተማ ተባርረዋል፤ ይህን የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። ጡፈይል ቁጭ አለና ተናገረ።

«በአያቴ ዘመን መስጂዳችን ስምንት በር ነበረው፤ ሁሉም ክፍት። አንድ ቀን ሰዎች መንገደኛ መስለው መጡ። ሁሉም ምርኩዝ ይዘዋል፤ በምርኩዙ ውስጥ ስለት ነበር። ጀማዓው ሱጁድ እስኪወርድ ጠበቁ። ግንባራቸው መሬት እንደነካ እዚያው ቀሩ። አያቴ ውዱእ ላይ ስለነበረ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ የኛ ሰው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሱጁድ አይወርድም። አንድ ሰው ይቆማል። የሚቆመው የኛ ቤተሰብ ነው። እኔ በሶፍ ውስጥ ሰግጄ አላውቅም፣ ያ ሸኽ። ሁሉም ሲጨርሱ ብቻዬን ነው የምሰግደው።»

ሸኹ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ያ አላህ! ጠላት በተፈራ ጊዜ ግማሹ ሲሰግድ ግማሹ ይጠብቃል፤ ሰላተል ኸውፍ እንለዋለን። አርባ ዓመት ለደረሶቼ አስተምሬዋለሁ። ትናንት በዓይኔ አየሁት፣ አላወቅሁትም! አፉ በለኝ፣ ልጄ።»

«ኧረ እርስዎ እኔን አፉ ይበሉኝ።»

«ቆይ፤ አሁን ደግሞ አንተ ጠይቀኝ።»

ጡፈይል አመነታ። «በራችሁ ለምን መዝጊያ የለውም? ስናየው ደነገጥን። እነዚህ ሰዎች ለነፍሳቸው አያስቡም ወይ ተባባልን።»

ሸኹ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «በቅድመ አያቶቻችን ጊዜ ክፉ በሽታ ገባ። መንገደኛ ያመጣብናል ብለው መስጂዱን ዘጉ። በሩ እየተንኳኳ ውስጥ ሆነው ሰገዱ። በሦስተኛው ቀን ሲከፍቱት ደፉ ላይ አሥራ አንድ ሰው ሞቶ አገኙ፤ አንዲቱ እናት ነች፣ ከነልጇ። ሳንቃውን ነቅለው አቃጠሉት። ከዚህ በር ዳግመኛ ሰው ላይመለስ ማሉ። ትናንት ዱላህን ስትዘረጋ ከተማው ያየው አንተን አይደለም፤ ያንን ሳንቃ ነው።»

ጡፈይል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ወላሂ፣ አላወቅንም!»

ሱብሃነላህ! የአንዱ ሀገር ሰው በሩ ክፍት ስለነበር አለቀ፤ በሌላው ደጅ ሰው የሞተው በሩ ዝግ ስለነበር ነው። ሁለቱም ለሞቱባቸው ሰዎች ሲሉ አንድ ደፍ ላይ ተጋጩ። ሸኹ ያን ጠዋት ባይወርዱ ኖሮ፣ አራሷ በረሃ ላይ ትቀር ነበር፤ ከተማውም ትክክል ሠራሁ ብሎ ይተኛ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ዙህር ሲደርስ ሕዝቡ እንግዶቹ ሲሄዱ ሊያይ ተሰብስቧል። ሸኽ ሙነወር ሁሉንም አስከትለው መስጂዱ በር ላይ መጡ።

«ሸኽዬ፣ ተወስኗል እኮ!» አለ በድሩ።

«አውቃለሁ። እስኪ አንዴ ስሙት።»

ጡፈይል ተናገረ፤ ሸኹ ከዐረብኛው ቃል በቃል ተረጎሙ። ምርኩዞቹ ጋ ሲደርስ ጉምጉምታው ቆመ። መጨረሻ ላይ ጡፈይል ወደ ደፉ እያየ «ደፋችሁ ላይ ለሞቱት አላህ ይዘንላቸው። ዱላችን ይህን ደፍ በመድፈሩ አፉ በሉን» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንባውን በጋቢው ጠረገ።

በድሩ አቀረቀረ። ግን ቀጥተኛ ሰው ነውና የልቡን ተናገረ። «እሺ፣ ያለፈው አለፈ። ዛሬስ እንዴት እንሁን? ይህ ሰው ካልቆመ እነሱ ተረጋግተው አይሰግዱም። ከቆመ ደግሞ በራችን ይዘጋል።»

«ጠባቂም ይቆማል፣ በሩም አይዘጋም» አሉ ሸኹ። «የምቆመው እኔ ነኝ። የከተማውን ሰው ሁሉ አውቀዋለሁ። የማላውቀው ሲመጣ ማን እንደሆነ ጠይቄ አስገባዋለሁ።» ከዚያ ወደ ጡፈይል ዞሩ። «አንተ ግባ። ሶፍ ውስጥ ቁም።»

ሰላት መጀመሩን የሚያውጀው ኢቃማ ተባለ። ያ ሽማግሌ፣ የፊተኛው ሶፍ ሰው፣ ፊታቸውን ወደ ጎዳናው፣ ጀርባቸውን ወደ ቂብላ አድርገው በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ። ከተማው በሙሉ አየ።

ጡፈይል ከበድሩ ጎን ገባ። ትከሻው የሌላ ሰው ትከሻ ሲነካው ደነገጠ። ሩኩዕ ወረዱ፣ ተነሡ፣ ሱጁድ ወረዱ። ከሦስት ትውልድ በኋላ የዚያ ሀገር ሰዎች ግንባር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት መሬት ነካ። የሚፈሩት አልመጣም። ከሶፉ መሐል የለቅሶ ድምፅ ተሰማ፤ የጡፈይል ነው። ኢማሙም ገባውና ሱጁዱን አስረዘመው። ኡስታዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ያቋርጥ ነበር፤ እኛም አንቸኩልበትም ነበር።

ሰላቱ እንዳበቃ መጀመሪያ የተነሣው በድሩ ነበር። ወደ በሩ ሄደና ከሸኹ ጎን ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ቆመ።

«ሸኽዬ፣ ይግቡና ይስገዱ። እኔ ቆሜያለሁ።»

እንግዶቹ በዚያች ከተማ ቆዩ፤ ሕፃኑም እዚያው ዳዴ አለ። በሩ ላይ የከተማው ወንዶች በተራ መቆም ጀመሩ፤ ማንንም ሳይመልሱ። በኋላ ሰዎች ሸኽ ሙነወርን «ጀርባዎን ለቂብላ መስጠት አልከበደዎትም?» ብለው ጠየቋቸው። መልሳቸው አጭር ነበር። «የከበደኝ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ሳልጠይቅ ቤቴ መግባቴ ነው። ሰውን ‹ለምን እንዲህ አደረግክ› ከማለታችሁ በፊት ‹ምን አግኝቶህ ነበር› በሉት።»

እንግዲህ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የሩቅ ሀገር ሰው ልማዱን ስናይ «አይ፣ እነዚህ!» ብለን እንጨርሳለን። ሀገሩ መቼ እንደተቃጠለች፣ ማን ማንን እንደቀበረ፣ ከየት እንደሸሸ አንጠይቅም። እኔ ከእናንተ የባስኩ ነኝ። ደግሞ ጠየቁ ማለት ሁሉን ተቀበሉ ማለት አይደለም፤ ሸኹ በራቸውን አላስዘጉም። የገረመኝ ሌላ ነው። በተራቸው ሲጠየቁ የሀገራቸውን ዝናና ጀግንነት ማውራት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የነገሩት አያቶቻቸው ያፈሩበትን ነው። ጡፈይል ያን ቀን ያመናቸው በዚህ ይመስለኛል።

ነገሩ የማይገባችሁ ሰው አጠገባችሁ አለ፤ እኔም አለኝ። ዛሬ ሄደን እንጠይቀው፤ ሲጠይቀንም የሚያሳፍረንን ጨምረን እንንገረው። አላህ ተውፊቁን ይስጠን፤ ከእኔ ይጀምር።