ለሽማግሌው ዝንጀሮ የተመረጠው ካባ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ስጦታ የሰጪውን ቤት ይሸታል» ይል ነበር። እንግዲህ የላም በረታችሁን ክፈቱልኝ፤ ተረቴ ሊገባ ነው።

አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ነበር። ጀርባው መሀል ላይ መዥገር ተጣብቆበት፣ እጁ አልደርስ ብሎት፣ ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ጋር ሲፋተግ ይውላል። በዓል ሲቃረብ ሦስቱ ልጆቹ ምን እንስጠው ብለው ለምክር ተቀመጡ። እንደ ዝንጀሮ ወግ በተርታ ሆነው፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ መዥገር እየለቀመ ነው የሚመካከሩት።

ስስታሙ በኩር፣ «አባታችን ምን ቢሰጡት አይጥመውም። አምና ያመጣሁለትን ማር እንኳ እኔው ነኝ የጨረስኩት» አለ።

ታይታ የምትወደው ሴት ልጁ፣ «አላፊ አግዳሚው የሚያየው ይሁን፤ ካባ እናልብሰው» አለች።

ይሉኝታ የሚፈራው ትንሹ ደግሞ፣ «ወፍራም ይሁን እንጂ። ሲፋተግ እየታየ እኮ አሳፈረን» አለ። ይህን ብሎ፣ «እህቴ፣ ትንሽ ወደ ላይ፤ አዎ፣ እዚያ ጋ» አላት።

በበዓሉ ቀን ካባውን አልብሰው፣ አንገቱ ሥር ጥብቅ አድርገው አሰሩለት። ሽማግሌው መረቃቸውና፣ «ልጆቼ፣ ካባው ደግ ነው፤ ብቻ ጀርባዬን» ብሎ ሳይጨርስ፣ በኩሩ፣ «አላልኳችሁም? ይኸው፣ ይኸም አልጣመውም» አለ። ተመልሰውም በተርታቸው ተቀመጡ።

ሽማግሌው ከነካባው ወደ ድንጋዩ ሲያዘግም፣ ከሌላ አገር የመጣ ቁራ ከዛፍ ወረደ። የካባውን ማሰሪያ በመንቁሩ ፈታና እንዲህ አለው፦

«አባባ፣ እስቲ ወዲህ ዞር ይበሉልኝ። የቱ ጋ ነው የሚበላዎት?»