ጫጩቶቹ ያላዩት እጅ

አንድ ላቀው የሚባል ሰው በአንዲት የገበያ ከተማ ዳር ከሚስቱ ከእንጉዳይ ጋር ይኖር ነበር። ልጅ አልወለዱም። ጓሯቸው ግን በዶሮ የተሞላ ነበር፤ የሰፈሩም ሰው ላቀውን የሚያውቀው በዶሮዎቹ ነው። የሌላው ሰው ዶሮ ሰው ሲያይ ይበረግጋል፤ የላቀው ዶሮ ሰው ሲያይ ይጠጋል።

ይህ እንዲሁ የመጣ አልነበረም። ጫጩት በተፈለፈለ በሦስተኛው ቀን ላቀው ጋቢውን ተከናንቦ ጓሮ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን ምንም አያደርግም። ጫጩቶቹን እንኳ አያያቸውም፤ አጥሩን ነው የሚያየው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ "አፍጥጦ የሚያያቸው ጭልፊት ብቻ ነው፤ እኔ ጭልፊት እንዳልሆንኩ መጀመሪያ ይወቁ" ይል ነበር። በማግስቱ ደቀቅ ያለ ማሽላ እግሩ ሥር ይበትናል። በሦስተኛው ቀን ጫማው ላይ ያደርገዋል፤ ከዚያ ጉልበቱ ላይ። ሳምንት ሲሞላ መዳፉን ዘርግቶ መሬት ላይ ያሳርፍና ማሽላውን እዚያ ያስቀምጣል። ከመካከላቸው ደፋሯ ትመጣለች፤ አንዴ ለቀም አድርጋ ትሮጣለች፤ ቆም ብላ ታስባለች፤ ደግሞ ትመለሳለች። የቀሩት እሷን አይተው ይከተላሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ላቀው ጣቶቹን አያጥፍም። ጫጩት መዳፉ ላይ ወጥታ ብታንቀላፋ እንኳ እጁ እስኪደነዝዝ ይጠብቃታል እንጂ አይጨብጣትም። ለገበያ ወይም ለበዓል ዶሮ ሲያስፈልግ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሄዶ ከቆጥ ላይ ያወርዳል። ጥሬ በያዘ እጁ ግን ዶሮ ይዞ አያውቅም።

እንጉዳይ አንድ ቀን ሳቀችበት። "መጨረሻዋ ያው ድስት ነው። ከቆጥ ተያዘች ከመዳፍ፣ ምን ለውጥ አለው? ትቀየመኛለች ብለህ ነው?"

"እሷስ ምን ጊዜ አግኝታ ትቀየመኛለች" አለ ላቀው። "የቀሩት ግን ያያሉ። የሚበሉበት እጅ ሲይዝ ካዩ፣ ነገ ከማን እጅ ይበላሉ?"

በዚያች ከተማ ሽበሺ የሚባል ዶሮ ነጋዴም ነበር። ዶሮ እየገዛ ወደ ሌላ አገር የሚጭን ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ በየሰው ጓሮ ዶሮ ሲያሳድድ መዋል ሰልችቶት ላቀው ዘንድ መጣና "ጋሼ፣ ይህን ጥበብዎን ለእኔም ያሳዩኝ" አለው። ላቀው አልነፈገውም። ድንጋዩ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠው። እንጉዳይም ምሳ እያቀረበችላቸው አንድ ወር ሙሉ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሽበሺ ቶሎ ገባው። አጥሩን ማየት ተማረ፤ ማሽላ መበተን ተማረ፤ "ኩር፣ ኩር፣ ኩርርር" እያለ ሁለቴ አሳጥሮ አንዴ አስረዝሞ መጥራት ተማረ። እንጉዳይ ከቤት ሆና ስትሰማ ድምፁን ከባሏ ድምፅ መለየት አቅቷት ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልተማረም፤ እሱንም ያልተማረው ሳይነገረው ቀርቶ አይደለም።

ክረምቱ ሲወጣ ላቀው ታመመ፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ሲገንዙት እንጉዳይ እጁን አየችው። መዳፉ እንደተዘረጋ ነበር።

ለቅሶው ሰባት ቀን ቆየ። ድንኳኑ ሲለቀቅና ለቀስተኛው ሲመለስ፣ እንጉዳይ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም። ማሽላ በእፍኟ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣችና ባሏ የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መዳፏን ዘረጋች። እሱ እንደሚጠራው ጠራች።

ዶሮዎቹ ጥሪውን ሲሰሙ በአንድ ጊዜ ብርር አሉ። ገሚሱ አጥሩ ላይ ወጣ፣ ገሚሱ ቁልቋሉ ሥር ተወሸቀ። እንጉዳይ የሆነው ነገር አልገባትም። ደግማ ጠራች፤ የባሰውን ራቁ። ያኔ ብትመለከት ስድስት ቄቦች የሉም። አንዷ እናት ዶሮ ክንፏ ተነጭቷል። አጥሩ ላይ የተሰጣው የላቀው ጋቢ ደግሞ ላባ ይዟል።

ጎረቤቷን ተዋበችን ጠየቀቻት።

"ሽበሺ አይደል እንዴ ሲያበላልሽ የነበረው?" አለች ተዋበች። "በሦስተኛው ቀን ነው፤ እናንተ ድንኳን ውስጥ ሆናችሁ። ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ ሳየው ላቀው መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ። ኋላ እሱ መሆኑን ሳውቅ፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው ብዬ መርቄው ተመለስኩ።"

እንጉዳይ እስከዚያች ሰዓት ታለቅስ ነበር። ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አደግድጋ የሰፈሩ ሽማግሌ አባ መዝገቡ ዘንድ ሄደች።

ሽበሺ ተጠራ። አልካደም። "አላሳደድኩ፣ አጥር አልዘለልኩ" አለ። "ለቅሶ ልደርስ በበሩ ገባሁ። ተቀመጥኩ፤ በራሳቸው እግር መጥተው እጄ ላይ ወጡ። ደግሞ ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ ማን ያያቸዋል? ሸለምጥማጥ ከሚበላቸው ብዬ ነው።"

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ሽበሺ ሳቁን ሲሰማ በረታ። "ስድስት ቄብ ወስጃለሁ፣ ስድስት ቄብ እተካለሁ። ደስ ካላት ሰባተኛዋን እመርቃለሁ። ዶሮ ነው እኮ። የሰው ነፍስ ያጠፋሁ አስመሰላችሁት።"

አባ መዝገቡ ወደ እንጉዳይ ዞሩ። "የወሰደውን ልመልስ ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ትሻለሽ?"

"የወሰደውን አላወቃችሁትም፤ እንዴት ይመልሳል ትላላችሁ?" አለች እንጉዳይ። "ባሌ ዕድሜውን እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጨረሰ። ልጅ አልተወልኝም። ከእሱ የቀረኝ፣ ጠዋት ወጥቼ ስቀመጥ ሳይፈራ የሚጠጋኝ ነገር ነበር። ይሄ ሰው ግን የባሌን ጋቢ ለብሶ፣ የባሌን ድምፅ አውጥቶ፣ የባሌን እጅ መስሎ ያዛቸው። ገና አፈሩ ሳይደርቅ። ዛሬ ዶሮዎቹ ሽበሺን አይደለም የሚሸሹት፤ ሽበሺን መቼ አዩት? የሚሸሹት ላቀውን ነው። እናንተ ደግሞ ትስቃላችሁ።"

ሳቁ ቆመ።

"ታዲያ ምን ይደረግ ልጄ?" አሉ አባ መዝገቡ፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

"ዶሮ አልፈልግም። ይቀመጥ። ክንፏ የተነጨው ዶሮ ትናንት እንቁላል ታቅፋለች። እሷ ፈልፍላ ጫጩቶቿን ይዛ እስክትወጣ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣ እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ መዳፉን ይዘርጋ። አንዲት፣ አንዲት ብቻ ከእጁ ከበላች ጓሮዬ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዞ ይሂድ።"

ሽበሺ ሳቀ። "በእንዲህ ያለው ቅጣትማ በየሳምንቱ ክሰሱኝ።"

በመጀመሪያው ጠዋት እያፏጨ መጣ። ተቀመጠ፤ ጠራ። ዶሮዎቹ አጥሩ ላይ ወጡ። በሦስተኛው ቀን ከማሽላው ይልቅ ስንዴ አመጣ። በስድስተኛው ቀን ስንዴውን ቀቅሎ መጣ። ጋቢ ለብሶ ሞከረ፤ ጋቢውን ጥሎ ሞከረ። ገበያ የሚሄዱ ሰዎች በአጥሩ በኩል አንገታቸውን እያሰገጉ "ሽበሺ፣ እንግዶችህ ዛሬም ቀሩ?" ይሉት ጀመር። "ጠግበው ነው" ይላቸዋል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ መልስ መስጠት ተወ። እንጉዳይ በየቀኑ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር። ምሳ አላቀረበችለትም።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ዶሮዋ ፈለፈለች። ከሁለት ቀን በኋላ ስምንት ጫጩት አስከትላ ወደ ጓሮ ወጣች። ሽበሺ ሲያያቸው ፊቱ በራ።

"እነዚህ እንኳ አያውቁኝም፤ ዛሬ አበቃ" አለ። መዳፉን መሬት ላይ አሳረፈ፣ አጥሩን አየ፣ ጠራ።

እውነትም ጫጩቶቹ አያውቁትም ነበርና ማሽላውን አይተው እየተንከባለሉ ሮጡ። አንዷ ቢጫ ጫጩት የጣቱ ጫፍ ዘንድ ደረሰች። እናትየዋ ግን ያን ጥሪ ስትሰማ ላባዋን ነፍታ፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ የምትጮኸውን ጩኸት ጮኸች። ስምንቱም ተመልሰው ክንፏ ሥር ገቡ። የተነጨው ክንፏ ሁሉንም አልሸፈነም።

ሽበሺ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መዳፉን ዘረጋ። በዚህ ጊዜ እናትየዋ አልጮኸችም። መጮህ አላስፈለጋትም፤ ጫጩቶቹ እጁን ገና ሲያዩ ራሳቸው ሸሹ።

ሽበሺ እጁን አየ። "እነዚህ እኮ አላዩኝም" አለ ቀስ ብሎ። "ያኔ አልተፈለፈሉም ነበር።"

"አዎ" አለች እንጉዳይ። "አላዩህም።"

ተነሣ። ማሽላውን ከመዳፉ አራገፈ። "ዶሮ ነው እኮ" አለ እንደገና፤ ግን የሚስቅለት ሰው አልነበረም። በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሄደ።

እንጉዳይ በሩን ዘጋች። ጋቢውን አምጥታ ተከናነበች፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። የመጀመሪያ ቀን ነውና ምንም አላደረገችም።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ፣ ስድስት ቄብ መተካት ቀላል መሆኑን አትርሱ። በመካከላችን ግን እንደ ሽበሺ ያለ ብዙ ሰው አለ። ደግ ሰው ለዓመታት የገነባውን መታመን ለብሶ ይገባል፤ በሟቹ ስምና ድምፅ ይጣራል፤ አምነው የመጡትን ይጨብጥና ሲያዝ "ይኸው ልተካ" ይላል። እኛም "ተካ እኮ" ብለን እንስቅለታለን፤ ደጋግመን ስቀንለታል። የወሰደው ግን በቁጥር የሚመለስ አይደለም። ለቀሪው ሰው ሁሉ የተዘረጋውን እጅ ነው የወሰደው፤ ፍርሃቱንም የሚወርሱት ያን ቀን ገና ያልተፈለፈሉት ናቸው። ስብራቱን የሚጠግነው ደግሞ የሰበረው አይደለም፤ የተበደለው ነው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደገና የሚቀመጠው።

ዛሬ አንድ ሰው አምኖህ ወደ እጅህ ቢመጣ፣ ከኋላው ሆነው እጅህን የሚመለከቱት እነማን እንደሆኑ አስበህ ታውቃለህ?