የኦባዲያ አሳማዎች ጉዳይ

በማሳቹሴትስ ገጠር፣ ሃርትዌል በምትባል ትንሽ መንደር፣ በየዓመቱ በመጋቢት የሚደረገው የነዋሪዎች ስብሰባ ተዘግቶ አያውቅም። ሰዉ ተነሥቶ ኮቱን ይለብሳል፣ መብራቱ ይጠፋል፤ ሰብሳቢው ግን «ጨርሰናል» አይልም፤ «በይደር» ብሎ ይወጣል። ለምን እንደሆነ የጠየቀ እንግዳ የበርሜል ሠሪውን የኤልናታንን ታሪክ ይሰማል።

እንደሚነገረው፣ አገሩ ገና ከባሕር ማዶ ባለ ንጉሥ ይገዛ በነበረበት ዘመን ኤልናታን የዚህ ስብሰባ ሰብሳቢ ነበር። አንድ መጋቢት ሲከራከሩ የዋሉት በጎረቤቱ በኦባዲያ አሳማዎች ነው፤ አሳማዎቹ የሰው በቆሎ ማሳ ውስጥ እየገቡ ይገለብጣሉ፣ ኦባዲያ ደግሞ «አጥራችሁን አጥብቁ፤ አሳማዬ ማንበብ አይችል፣ ማሳው የማን እንደሆነ በምን ይወቅ?» ይላል። ክርክሩ ሳያልቅ የበረዶ ውሽንፍር ስለተነሣ ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ፤ ኤልናታንም የመዝጊያውን ቃል ሳይናገር ወጣ። ይህን መርሳቱን እያሰበ ለብቻው ያፍር ነበር ይባላል።

በዚያው ዓመት የንጉሡ አገረ ገዥ ያለፈቃዱ አዲስ ስብሰባ የሚጠራ ሁሉ እንደሚታሰር አስነገረ። ያን ጊዜ ነው ኤልናታን የረሳው ቃል ትዝ ያለው። አዲስ መጥራት ቢከለከል፣ ያላለቀውን መቀጠል ማን ከለከለ? መንደርተኛው በጥቅምት ተሰበሰበ፤ ንጉሡ የሾመውን ዳኛ አንቀበልም ብሎ የራሱን ሲመርጥ የአገረ ገዥው መኮንን በሩን ከፍቶ ገባ።

«ማን ፈቀደላችሁ?»

«የመጋቢቱ ስብሰባ ነው ጌታዬ፤ አላለቀም» አለ ኤልናታን።

«ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ አሳማ።»

መኮንኑ ሳቀ፤ ጅል ግን አልነበረም፤ ዐይኑን ወደ ኦባዲያ አዞረ። ኦባዲያ የንጉሥ ሰው መሆኑን አካባቢው ሁሉ ያውቃል። እሱ «ተዘግቷል» ቢል፣ ኤልናታን ወደ እስር ቤት፣ መንደሩም ወደ ዝምታው ይሄዳል። ኤልናታን የጎረቤቱን ፊት ማየት አቅቶት የገዛ እጆቹን ያይ ነበር ይላሉ።

ኦባዲያ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ይህ በርሜል ሠሪ ሰብሳቢነት አይችልበትም። ለንጉሤ ብዬም ግን አልዋሽም። አልተዘጋም፤ የአሳማዎቼ ፍርድ ገና ነው።»

መኮንኑ ሄደ። ከንጉሡ ጋር የነጻነት ጦርነት መጣ፤ መንደሩም በዚያ ባልተዘጋ ስብሰባ ዳኛውን እየመረጠ፣ ግብሩን እየሰበሰበ ራሱን አስተዳደረ። ኦባዲያ ንጉሡን አልከዳም፤ ሰላምታ ተነፍጎት፣ መስኮቱ በድንጋይ ተሰብሮ፣ በመጨረሻ ከንጉሡ ሰዎች ጋር በመርከብ ንጉሡ አሁንም ወደሚገዛው ወደ ሰሜኑ አገር ሄደ። ኤልናታን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘው የሚሉ አሉ፤ አልሸኘውም፣ ዕድሜ ልኩን የቆጨውም ይኸው ነው የሚሉም አሉ።

ሰላም ወርዶ አገሩ ነጻ ሲሆን ወጣቶቹ አሮጌውን ስብሰባ ዘግተን በገዛ ሕጋችን አዲስ እንጥራ አሉ። ልክ ነበሩ። ያረጀው ኤልናታን ቃሉን ሊናገር ተነሣ፤ ዐይኑ ግን ኦባዲያ ይቀመጥበት ወደነበረው አግዳሚ ሄደ።

«ባለጉዳዩ በሌለበት እንዴት እዘጋዋለሁ?» አለ።

«በይደር» ብሎም ተቀመጠ። የኦባዲያን አሳማዎች አርደው ከበሉት ብዙዎቹ እዚያው ተቀምጠው ነበር።

ስለዚህ ዛሬም በሃርትዌል ስለ መንገድና ስለ ትምህርት ቤት ከመነጋገራቸው በፊት ሰብሳቢው የኦባዲያን ስም ይጠራል፣ ጥቂትም ይጠብቃል። ልጆች ይስቃሉ። ሽማግሌዎቹ ግን በዚያች አፍታ ወደ በሩ ዞር ይላሉ ይባላል።