ስንዱ በሩ ላይ የቆመች ዕለት

አንድ ሰው ነበረ። በአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል የውጭ አገር ሐኪም አስተርጓሚ ነው። ጋሽ ድንበሩ ይሉታል። እንግሊዝኛ ሲወድ ለጉድ ነው! የጉዳት ስም ሁሉ የተጻፈበት ደብተር አለው። ትርጉሙን ብቻ መሰላችሁ? ቃሉ ከየት እንደመጣ ጭምር ያውቃል። «ብሩዝ በለዝ ነው፤ ጥንት መጨፍለቅ ማለት ነበር። ኢንጀሪ ደግሞ ጉዳት ነው፤ ከሮማውያን ቋንቋ የመጣ ነው፤ እዚያ በደል ማለት ነው» ይላል። ነርሶቹ «ጋሼ፣ አንተስ ዩኒቨርሲቲ ነበር የሚገባህ!» ሲሉት ደስ ይለዋል። ማን ደስ አይለው?

አንድ ቀን ጎረቤቱ ስንዱ ዓይኗ በልዞ መጣች። ሐኪሙ ምን እንደሆነች ጠየቀ።

«ምን ሆነሽ ነው ስንዱ?»

«ወድቄ ነው ጋሼ።»

ወድቃ ነው ብሎ ተረጎመ። ከአጥሩ ማዶ ማታ ማታ የሚሰማውን ጩኸት ያውቃል እኮ! ግን የባልና ሚስት ገመና ነው፤ የሰው ገመና አይነካም ተብሎ ያደገ ሰው ነው። «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ሸኛት።

ከፋሲካ በኋላ ክንዷ ተሰብሮ መጣች። «ደረጃ አዳልጦኝ ነው» አለች። ወገኖቼ፣ የስንዱ ቤት ምን ደረጃ አለው? የጭቃ ቤት ነው፤ ደጃፉ ከመሬት እኩል ነው! ድንበሩ በዚያ ደጃፍ ስንቴ ገብቶ ጠላ ጠጥቷል። እሱ ግን ደብተሩን አወጣና ስብራት በእንግሊዝኛ ለምን ፍራክቸር እንደተባለ ለሐኪሙ አጫወተው። ሐኪሙ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እሷ የተሰበረ ክንዷን ደግፋ ሁለቱን ታያለች።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «ጋሼ…»

«ወይ?»

«ምንም። በሉ ደህና ዋሉ።»

ሦስተኛ ጊዜ የመጣችው በቃሬዛ ነው። ድንበሩ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለ። «ስንዱ፣ እህቴ፣ ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አላት። ጠየቃት! ምን ዋጋ አለው፣ የሚመልስ አልነበረም። ሐኪሙ አንሶላውን ፊቷ ላይ ሳበው።

ድንበሩ ዛሬም አለ። «የባዕድ ቃል ከየት መጣ እያልኩ ስመራመር፣ የእሷ ቁስል ከየት እንደመጣ እያወቅሁ ዝም አልኩ» እያለ ያለቅሳል። አንጀት ይበላል።

እናንተስ? «ወድቄ ነው» ስትላችሁ «እግዜር ይማርሽ» ብላችሁ ያለፋችኋት የለችም? ገመና መሸፈን ጨዋነት ነው፤ እኔም እንዲሁ ተብዬ ነው ያደግሁት። ግን በዚህ ጨዋነታችን ስንቱን ቀበርን? ስንቱን ቀብረን ስናበቃስ «ቀኗ ደርሶ ነው» አልን?

አሁን፣ አሁን አንዲት ሴት በሐሳባችሁ መጥታለች፤ አውቃለሁ። በራችሁ ላይ ቆማ «ምንም» ብላ የሄደችው። ከዚህ ስትወጡ ቀጥታ ወደ ቤቷ ሂዱ። «ያን ዕለት ምን ልትዪኝ ነበር?» በሏት። ምሳችሁ ይቆያል።